40 መዘውር፣ አንድ ድንጋይ፦ ሮማ ላይ 327 ቶን የሚመዝን ሐውልት እንዴት ተነሳ? (የጉዳይ ጥናት)

## ይህ ጉዳይ ለምን ተመረጠ

ስለ ፑሊ ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረናል። ሰሌዳው ላይ አንድ ክብ ይሳላል። በክቡ ላይ ገመድ ያልፋል፣ ከገመዱ ሥር ሳጥን ይንጠለጠላል። «ተንቀሳቃሽ ፑሊ የሚያስፈልገውን ኃይል በግማሽ ይቀንሳል» ተብሎ ይጻፋል። ፈተና ላይ ይመጣል፣ ይመለሳል፣ ይረሳል።

ሰሌዳው ላይ የማይሳለው ግን ብዙ ነው። ፑሊው የተሰቀለበት እንጨት ሸክሙን ይችላል ወይ? ገመዱ እስከ ስንት ድረስ ይታመናል? ፑሊዎቹ ብዙ ሲሆኑ ሸክሙን እኩል መካፈላቸውን ማን ያረጋግጣል? ሥራ ላይ ሰው የሚጎዳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ጥያቄዎች ሳይጠየቁ ሲቀሩ ነው።

ጥያቄዎቹን ሁሉ በአንድ ላይ የሚያነሳ ጉዳይ ሲፈለግ የቫቲካኑን ሐውልት የሚያህል ማግኘት ይከብዳል። በ1586 አንድ ወጥ የግራናይት ድንጋይ ከቆመበት ተነስቶ፣ ተጋድሞ፣ ተጉዞ እንደገና ቆመ። ሞተር የለም፣ ሃይድሮሊክ የለም። የነበረው ፑሊ፣ ገመድ፣ እንጨት፣ ፈረስና ሰው ነው። ሥራውን የመራው መሐንዲስ በ1590 ሥዕል ያለበት መጽሐፍ አሳትሞ ስሌቱን ሳይቀር አስቀምጦልናል። እዚህ ሰዎቹን በስም ሳይሆን በሥራ ድርሻቸው ነው የምጠራቸው። ዓመታቱ ሌላ ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## ዳራ

ሐውልቱ ከግብፅ የመጣ ነው። ቀይ ግራናይት ነው፣ ቁመቱ ከ25 ሜትር በላይ፣ የግብፃውያን ሥዕላዊ ጽሑፍ አልተቀረጸበትም። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን በንጉሠ ነገሥት ካሊጉላ ትእዛዝ በባሕር ተጭኖ ሮማ ገባ። የዘመኑ ጸሐፊ ፕሊኒ እንደሚለው መርከቡ ሚዛኑን እንዲጠብቅ የተጫነበት ምስር ነበር። 120,000 ሞዲ ይላል፣ ሞዲ የሮማውያን የእህል መስፈሪያ ነው። ለአንድ ድንጋይ ይህን ያህል ምስር!

ከዚያ በኋላ ከ1,500 ዓመት በላይ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። በዙሪያው የነበረው የፈረስ መሮጫ ሜዳ ጠፋ። በአጠገቡ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። ሐውልቱ በቤተ ክርስቲያኑ ጎን፣ ጠባብ ቦታ ላይ፣ የተወሰነው ክፍል በአፈር ተውጦ ቀረ።

በ1585 የተሾሙት ጳጳስ ሐውልቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ካለው አደባባይ እንዲቆም አዘዙ። ርቀቱ 250 ሜትር አካባቢ ነው። በእግር ቢሄዱት ሦስትና አራት ደቂቃ አይፈጅም።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። የእኛም የአክሱም ሐውልት በ1937 ወደዚያችው ከተማ ተወስዶ እስከ 2005 ድረስ እዚያ ቆይቷል። ስለ እሱ ወደ መጨረሻው እመለሳለሁ።

## ችግሩ

ትልቁ ችግር ክብደቱ ብቻ አልነበረም። ድንጋዩ አንድ ወጥ ነው። ግራናይት ደግሞ ሲጫኑት ጠንካራ ነው፣ ሲያጎብጡት ግን ደካማ ነው። መሐሉ ላይ ድጋፍ ሳይኖረው ጫፍና ጫፉን ብቻ ይዘው ቢያነሱት ለሁለት ሊከፈል ይችላል። ከተሰበረም የሚተካው የለም።

ሁለተኛው ችግር ልምድ ያለው ሰው አለመኖሩ ነው። ጥንታውያኑ ሮማውያን እንዴት እንዳቆሙት በዚያን ጊዜ በሕይወት ያለ ማንም አላየም። የሚገለብጡት መመሪያም አልነበራቸውም።

ሐሳብ እንዲያቀርቡ ባለሙያዎች ተጠሩ። ከየከተማው ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎች መጡ። ገሚሱ ሐውልቱ እንደቆመ ይጓዝ አለ። ሌላው በ45 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ይሂድ አለ። ግማሽ ቆሞ ግማሽ ተኝቶ ማለት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ይህኛው የሁለቱንም ጣጣ አንድ ላይ የሚያመጣ ሐሳብ ነው።

የተመረጠው መሐንዲስ መንገድ ግን ቀላል ነበር። ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ማንሳት፣ ቀስ ብሎ ማጋደም፣ ተኝቶ እንዲጓዝ ማድረግ፣ ከዚያ እንደገና ማቆም። ሐሳቡን በወሬ አላቀረበም። ከእንጨት ትንሽ ማማ ሠርቶ፣ ከእርሳስ ትንሽ ሐውልት አቅልጦ፣ ጥቃቅን ፑሊዎች አስሮ፣ በዳኞቹ ፊት አንስቶ አጋድሞ አሳየ። ዳኞቹ ዘዴውን ወደዱት። ሥራውን ግን ዕድሜው ገና 42 ነው ብለው በዕድሜ ለሚበልጡት ሁለት ባለሙያዎች ሰጡበት! ጳጳሱ ናቸው በኋላ ወደ ባለቤቱ የመለሱለት። ዘዴውን ያመጣው ሰው እያለ ሌላ ሰው መሾም ዛሬም ያላለቀ በሽታ ነው።

## ፑሊ ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም

ወደ ስሌቱ ከመግባታችን በፊት መሠረቱን እንያዝ። ምሳሌው 50 ኪሎ ሲሚንቶ ይሁን።

ከላይ ምሰሶ ላይ አንድ ቋሚ ፑሊ ሰቅለን ገመዱን በላዩ አሳልፈን እንሳብ። እጃችን የሚሰጠው ኃይል ያው 50 ኪሎ የሚያህል ነው። ጥቅሙ የአቅጣጫ ለውጥ ብቻ ነው፤ ወደ ላይ ከመጎተት ይልቅ ወደ ታች እንስባለን፣ የራሳችንም ክብደት ያግዘናል። ምሰሶው ግን ከአንድ በኩል ሲሚንቶው፣ ከሌላ በኩል የእኛ እጅ ይጎትተዋል። ስለዚህ የሚሸከመው 100 ኪሎ ያህል ነው። ይህችን ነጥብ ብዙ ሰው አያስባትም።

አሁን ሁለተኛ ፑሊ ሲሚንቶው ላይ እንሰር፤ ከሸክሙ ጋር አብሮ የሚወጣ ማለት ነው። የገመዱን አንድ ጫፍ ከላይ ምሰሶው ላይ አስረን፣ በታችኛው ፑሊ ሥር አሳልፈን፣ ሌላውን ጫፍ እንሳብ። ሸክሙን የያዙት ሁለት የገመድ መስመሮች ስለሆኑ እያንዳንዱ 25 ኪሎ ይይዛል። እጃችንም የሚያገኘው 25 ኪሎ ነው። ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት ፑሊ ብናደርግ አራት መስመር ይሆናል። በሐሳብ ደረጃ 12 ኪሎ ተኩል ይበቃል።

ዋጋው የገመድ ርዝመት ነው። በአራት መስመር ሲሚንቶውን 1 ሜትር ለማውጣት 4 ሜትር ገመድ መሳብ ግድ ነው። ፑሊ ጉልበት አይፈጥርም። ከባዱን አጭር ሥራ ወደ ቀላል ረጅም ሥራ ይመነዝረዋል።

ምንዛሪውም ኮሚሽን አለው። ገመዱ በእያንዳንዱ ፑሊ ላይ ሲታጠፍ፣ ፑሊውም በዘንጉ ላይ ሲዞር በሰበቃ የሚባክን ኃይል አለ። በየፑሊው 10 በመቶ ይባክናል እንበል። ያኔ አራቱ መስመሮች የሚሰጡን የእጃችንን 4 እጥፍ ሳይሆን 3.1 እጥፍ ገደማ ነው። 12 ኪሎ ተኩል የነበረው ወደ 16 ኪሎ ይወጣል። ፑሊ በጨመርን ቁጥር ጥቅሙ እያነሰ ይሄዳል። «መቶ ፑሊ ብደረድርስ?» ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ መልሱ ይኸው ነው።

## ስሌቱ

መሐንዲሱ መጀመሪያ ያደረገው ክብደቱን ማወቅ ነው። 25 ሜትር ድንጋይ የሚመዝን ሚዛን የለም። ስለዚህ ከዚያው ዓይነት ድንጋይ ትንሽ ቁራጭ መዘነ። ከዚያ የሐውልቱን ይዘት ለካ፣ አባዛ። ያገኘው 963,537 የሮማ ፓውንድ ነው። በዛሬው መለኪያ 327 ቶን ገደማ ይመጣል።

በዚህ አላቆመም። ድንጋዩን የሚያለብሰው ጣውላ፣ ብረቱ፣ ገመዱ ራሱ ይመዝናል። ለእነዚህ 80,000 ፓውንድ ጨመረ። ጠቅላላው ወደ 354 ቶን ደረሰ።

ቀጥሎ የማንሻውን አቅም ገመተ። መዘውር ያልኩት ቀጥ ብሎ የቆመ ወፍራም የእንጨት ምሰሶ ነው። በጎኑ ረጃጅም እጀታዎች ተሰክተዋል። ፈረሶችና ሰዎች እጀታውን ይዘው ሲዞሩ ገመዱ ምሰሶው ላይ ይጠመጠማል። የእያንዳንዱ መዘውር ገመድ በፑሊዎች አልፎ ወደ ሐውልቱ ይሄዳል። መሐንዲሱ አንድ መዘውር ከጥሩ ገመድና ፑሊ ጋር 20,000 ፓውንድ ያነሳል አለ፣ ወደ 6.8 ቶን። 40 መዘውር 800,000 ፓውንድ ይሆናል። የቀረውን ከ80 ቶን በላይ በ5 ትላልቅ የእንጨት መፈንቅሎች ሞላው።

ይህ 6.8 ቶን ከሰውና ከፈረስ አቅም ጋር ይጣጣማል ወይ? በራሳችን እንሞክረው። አራት መስመር ያለው የፑሊ ጥምረት ነው እንበል። ሰበቃውን ጨምረን ገመዱ ላይ የሚደርሰው ወደ 2.2 ቶን ነው። የመዘውሩ ምሰሶ ከመሐል እስከ ጠርዙ 20 ሳንቲ ሜትር፣ እጀታው 3 ሜትር ቢሆን እዚያ ደግሞ 15 እጥፍ እናተርፋለን። 2.2 ቶን ለ15 ሲካፈል 147 ኪሎ ነው። ሁለት ፈረስና ጥቂት ሰው ይገፉታል። ልኬቶቹ የእኔ ግምት ናቸው። ግን ከ6.8 ቶን ተነስቶ ሁለት ፈረስ ላይ መድረስ ተአምር አለመሆኑን ያሳያሉ። ፑሊው ብቻውን አልነበረም የሠራው። ፑሊው ከፋፈለ፣ መዘውሩ ደግሞ የተከፋፈለውን እንደገና አቀለለ።

## ዝግጅቱ

ከመጎተቱ በላይ ጊዜ የወሰደው ዝግጅቱ ነው። እንደዚያም መሆን ነበረበት።

በሐውልቱ ግራና ቀኝ ከሐውልቱ የሚበልጥ የእንጨት ማማ ተተከለ። 8 ወፋፍራም ዓምዶች ነበሩት፣ በእያንዳንዱ ጎን አራት። እያንዳንዱ ዓምድ ራሱ ከአራት ግንድ የተጣመረ ነው። ግንዶቹ በምስማር ሳይሆን በብሎን፣ በብረት ቀለበትና በገመድ ተያያዙ፣ ተፈትተው አደባባዩ ላይ እንደገና ለመተከል እንዲመቹ። ፑሊዎቹ ሁሉ የተሰቀሉት እዚህ ማማ ላይ ነው። ከላይ ያልኩትን አስታውሱ፤ የላይኛው እንጨት የሚሸከመው የድንጋዩን ክብደት ብቻ አይደለም፣ ጎታቾቹ ወደ ታች የሚስቡትንም ነው። ማማው እንዲያ የገዘፈው ለዚህ ነው።

ሐውልቱ በድርብ ሰሌን ተጠቀለለ። በላዩ ጣውላ፣ በጣውላው ላይ የብረት ዘንግና የብረት ቀለበት ገባ። ገመዶቹ የታሰሩት በዚህ ልብስ ላይ ነው፣ በአንድ ቦታ ሳይሆን በቁመቱ ተበታትነው። የመሰበሩ ስጋት የተፈታው በዚህ ነው።

ገመዱ ፎሊኞ በምትባል ከተማ፣ ሄምፕ ከሚባል ተክል ቃጫ ተገመደ። ውፍረቱ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የመግባቢያ ሥርዓቱ ነው። 40 መዘውር አደባባይ ላይ ተበትኗል። በጩኸት ማዘዝ አይቻልም። ስለዚህ መለከት ሲነፋ ሁሉም ይጎትታል። ማማው ላይ የተሰቀለው ደወል ሲመታ ሁሉም ይቆማል። ሌላ ምልክት የለም። መዘውሮቹ ቁጥር ተሰጣቸው። ማማው ላይ ያሉት ፑሊዎችም ተዛማጅ ቁጥር ተጻፈባቸው። ላይ ያለው ሰው የትኛው ገመድ እንደላላ ወይም ከልክ በላይ እንደተወጠረ ሲያይ፣ ታች የትኛውን መዘውር ማዘዝ እንዳለበት ወዲያው ያውቃል።

አካባቢው ታጠረ። ያለ ሥራው ወደ ውስጥ የገባ ሰው በሞት እንደሚቀጣ ታወጀ። ዝም እንዲባልም ታዘዘ። ቅጣቱ የዘመኑን ጭካኔ ያሳያል። ዝምታው ግን ለሥራው ያስፈልግ ነበር፤ መለከቱና ደወሉ ካልተሰሙ ሁሉም ነገር ገደል ይገባል።

## ኤፕሪል 30፣ 1586

ሠራተኞቹ ጎህ ሳይቀድ አስቀድሰው ቆረቡና ወደየቦታቸው ሄዱ። 907 ሰው፣ 75 ፈረስ።

መለከቱ ተነፋ። 40ው መዘውርና 5ቱ መፈንቅል በአንድ ጊዜ ተንቀሳቀሱ። ማማው እንደ ነጎድጓድ ጮኸ። እንጨቶቹ ሸክሙን ሲቀበሉ መጋጠሚያቸው ሁሉ ተጨመቀ። ደወሉ ተመታ፣ ሁሉም ቆመ። ምርመራ ተደረገ። ማማው ደህና ነው። ሐውልቱን ከያዙት የብረት ቀለበቶች ግን አንዱ ተሰብሯል።

እዚህ ላይ የመሐንዲሱን ውሳኔ ማየት ይጠቅማል። «ሌሎቹ ይችላሉ» ብሎ አልቀጠለም። በገመድ አስጠምጥሞ አስጠገነው። ሥራው ሲያልቅ የታየውም ይኸው ነበር፤ ከብረት ቀለበቶቹ የተሰበሩና የተጣመሙ ተገኙ፣ የገመድ ማሰሪያዎቹ ግን ጸኑ። ለጆሮ እንግዳ ነገር ይመስላል። ምክንያቱ ግን ከባድ አይደለም። ገመድ ሲወጠር ትንሽ ይሳባል፣ ጭነቱን ለጎረቤቱ ያካፍላል። የዚያ ዘመን ብረት አንዱ ነጥብ ላይ ጭነት ከበዛበት ይሰነጠቃል።

ሥራው ቀጠለ። ሐውልቱ በ12 እርምጃ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አለ። አንዱ እርምጃ በአማካይ 5 ሳንቲ ሜትር ነው። በየእርምጃው ከሥሩ የገቡ አናጢዎች የእንጨትና የብረት ሽብልቅ ይሰኩ ነበር። ከላይ የሚወድቅ ነገር እንዳይመታቸው የብረት ቆብ አድርገዋል። ሽብልቁ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ገመድ ቢበጠስ ድንጋዩ የሚወርደው 60 ሳንቲ ሜትር ሳይሆን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። በ327 ቶን ላይ ይህ ልዩነት የሞትና የሕይወት ነው።

## ማጋደምና መጓዝ

ሐውልቱ ቆሞ የነበረው በአራት የነሐስ ድጋፎች ላይ ነው። ሁለቱ በቀላሉ ወጡ። ሁለቱ ግን ከድንጋዩ ጋር ተጣብቀው ብዙ አስቸገሩ፣ ሌት ተቀን ተቀጥቅጠው ነው የተነሱት። የትኛውም ስሌት ውስጥ ያልነበረ ሥራ ነው።

ሜይ 7 ሐውልቱ ተጋደመ። አሁን የፑሊዎቹ ሥራ ተገለበጠ። ማንሳት ሳይሆን እየያዙ መልቀቅ ሆነ። ሰው ብዙ ጊዜ መውረድን ንቆ ማንሳትን ይፈራል። በማውረድ ጊዜ ግን ሸክሙ ራሱ መፍጠን ይፈልጋል፣ ሰበቃም ጠላት መሆኑ ቀርቶ ወዳጅ ይሆናል። በመዘውሩ ላይ ደጋግሞ የተጠመጠመው ገመድ ፍሬን ሆኖ ያገለግላል።

የተጋደመው ሐውልት በወፍራም የእንጨት መንሸራተቻ ላይ ተኛ፣ ከሥሩ ክብ ግንዶች ገቡ። አደባባዩ ከቀድሞው ቦታ ወደ 9 ሜትር ዝቅ ይላል። መሐንዲሱ ግን ድንጋዩን አላወረደም። በእንጨት የተደገፈ የአፈር ድልድል አስገነባና በአየር ላይ ባለ ሜዳ መንገድ አሳለፈው። ሲደርስ ቀድሞውኑ ሊቆምበት ካለው መሠረት አናት እኩል ከፍታ ላይ ነበር። ዝቅ አድርጎ እንደገና ማንሳትን በአፈር ቁልል አስቀረው። ይህን ሁሉ ፑሊ የያዘ ሰው «በፑሊ ላንሳው» አለማለቱ ደስ ይላል።

ጁን 13 ሐውልቱ ቦታው ደረሰ። የሮማ በጋ እሳት ነው፤ ጳጳሱ ሙቀቱ እስኪበርድ ይቆይ አሉ።

## ሴፕቴምበር 10

ማማው ተፈትቶ አደባባዩ ላይ ተተክሏል። በዚህ ቀን ወደ 800 ሰውና 140 ፈረስ ተሰለፈ። ፈረሶቹ እጥፍ ለመሆን ትንሽ ቀራቸው።

ዘዴው ይህ ነበር፦ 40ዎቹ መዘውሮች ሐውልቱን ወደ ላይ ሲስቡ፣ ሌሎች 4 መዘውሮች ደግሞ እግሩን ወደ መሠረቱ እየጎተቱ ያስጠጉት ነበር። አናቱ ሲነሳ እግሩ ካልቀረበ ፑሊዎቹ ቀጥ ብለው መሳባቸው ይቀርና ወደ ጎን ይጎትታሉ። ገመድ ጋደል ብሎ ሲስብ ከኃይሉ ከፊሉ ለማንሳት አይውልም፣ ማማውን ለመጣል ነው የሚውለው። 4ቱ መዘውሮች የመጡት ለዚህ ነው።

በ52 እርምጃ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሐውልቱ ቆመ። ዛሬም የቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ መሐል ያለው እሱ ነው።

ስለዚህ ቀን አንድ የታወቀ ወሬ አለ። ገመዶቹ ከሰበቃው ብዛት ሊቃጠሉ ሲሉ አንድ መርከበኛ የዝምታውን አዋጅ ጥሶ «ውኃ ገመዱ ላይ!» ብሎ ጮኸ፣ ሥራውም ዳነ ይባላል። መሐንዲሱ በጻፈው መጽሐፍ ግን ይህ የለም። የታሪክ ሰዎችም እንደ ተረት ነው የሚያዩት። የሚገርመው ተረቱ ውስጥ ያለው ፊዚክስ ትክክል መሆኑ ነው። የሄምፕ ገመድ ሲረጥብ ያብጣል፣ በርዝመቱም ያጥራል። መርከበኛ ይህን ያውቃል።

## የሠራውና ያልሠራው

ፑሊና መዘውሩ ከተገመተው በላይ ሠሩ ለማለት አያስደፍርም፤ እንደተገመተው ሠሩ። ትልቁ ስኬት ክብደቱ ለ40 መከፋፈሉ ሳይሆን ለ40 *እኩል* መከፋፈሉ ነው። አንድ ሸክም በ40 ገመድ ሲያዝ እያንዳንዱ ገመድ አንድ አርባኛ ይይዛል የሚል ሕግ የለም። አንዱ ትንሽ ቀድሞ ከተወጠረ የጎረቤቶቹን ድርሻ ይወስዳል። እሱ ሲበጠስ ድርሻው ለቀሪዎቹ ይተርፋል፣ ከዚያ የሚቀጥለው ይበጠሳል። ቁጥሮቹ፣ ደወሉ፣ አጫጭር እርምጃዎቹ ሁሉ ይህን ለመከላከል የተሠሩ ናቸው።

ያልሠራው የብረት ቀለበቱ ነው። ያልታሰበው ነሐሱ ነው። መፈንቅሎቹ ላይ ደግሞ የራሴ ጥርጣሬ አለኝ። መፈንቅል ብዙ ኃይል ይሰጣል፣ ግን የሚያነሳው ትንሽ ከፍታ ነው። በየእርምጃው እንደገና መስተካከል አለበት። ወደ ሩብ የሚጠጋ ጭነት በእሱ ላይ መጣሉ ድፍረት ነበር። የአጫጭር እርምጃው ሥርዓት ባይኖር ከፑሊዎቹ ጋር አብሮ መሄድ የሚችል አይመስለኝም።

## ወደ ሌላ ሥራ የሚሻገረው

የአክሱሙን ሐውልት እዚህ ላይ ላንሳ። 24 ሜትር ገደማ ነው፣ ከ150 ቶን በላይ ይመዝናል። ወደ አገሩ ሲመለስ፣ በ1997 ዓ.ም.፣ በሦስት ክፍል ሆኖ በአውሮፕላን ነው የመጣው። በ2000 ዓ.ም. እንደገና ሲቆም በብረት ማማና በዘመናዊ ማንሻ ነበር። መሣሪያው ተቀይሯል። የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ግን ያው ነው፦ ስንት ይመዝናል፣ የቱ ጋ ነው የሚያዘው፣ ማማው ይችላል ወይ። እዚያው አክሱም ተሰባብሮ የተኛው 33 ሜትር ሐውልት 520 ቶን ያህል ይገመታል። ብዙ ተመራማሪዎች ሲቆም ወይም እንደቆመ ብዙም ሳይቆይ ወደቀ ይላሉ። የቫቲካኑ መሐንዲስ የፈራው ይህንኑ ነው።

ከዚህ ትልቅ ሥራ ወደ ሰፈራችን እንውረድ። በየግንባታው አጣና ላይ ፑሊ ታስሮ ሲሚንቶና ሸክላ ሲወጣ እናያለን። ብዙ ጊዜ ፑሊው አንድና ቋሚ ነው። የሳቢው ድካም በአቅጣጫ ለውጡ ስለቀለለ ሁሉም ነገር የቀለለ ይመስላል። አጣናው ግን 50 ኪሎው ሲወጣ 100 ኪሎ ነው የሚሰማው። ሳቢው በድንገት ሲነጥቀው ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ ፑሊ የሚሰቀልበት እንጨት የሚመረጠው በሸክሙ ክብደት ሳይሆን ቢያንስ በእጥፉ ነው። ሁለተኛ፣ ከሸክሙ ጋር የሚወጣ ፑሊ ቢጨመር ሳቢውም ይቀልለዋል፣ አጣናውም ላይ የሚያርፈው ይቀንሳል። ዋጋው ተጨማሪ ገመድና ትንሽ ጊዜ ብቻ ነው።

ስለ ድምፅም አንድ ነገር። ከባድ ነገር ሲነሳ የቆመው ሁሉ አዛዥ ይሆናል። አንዱ «ሳብ!» ይላል፣ ሌላው «ልቀቅ!» ይላል፣ መንገደኛውም ቆሞ ያግዛል። በ907 ሰው መሐል አንድ መለከትና አንድ ደወል ብቻ እንዲሰማ ማድረግ ከተቻለ፣ በአምስት ሰው መሐል አንድ ሰው ብቻ እንዲያዝ ማድረግ አይከብድም።

ጋራዥና ወፍጮ ቤት ላይ ደግሞ ቼን ብሎክ አለ። እሱም የፑሊና የጥርስ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰንሰለት ተስቦ ሸክሙ ትንሽ ይነሳል። ሞተሩ ትልቅ ሲሆን ሁለት ቼን ብሎክ ይታሰራል። እዚህ ጋ የ40ው ገመድ ጣጣ በትንሹ ይመጣል። 1 ቶን ሞተር በሁለት ሲያዝ ለእያንዳንዱ ግማሽ ቶን ይደርሰዋል ብሎ ማሰብ ስህተት ነው። አንደኛው ሳቢ ከቀደመ፣ ወይም የሞተሩ ክብደት ወደ አንድ ጎን ካጋደለ አንዱ ቼን ብሎክ አብዛኛውን ይወስዳል። እያንዳንዱ ለብቻው ሙሉውን ክብደት የሚችል ሆኖ ይመረጥ። ሞተሩ የእጅ ስፋት ያህል በተነሳ ቁጥር ሥራው ይቁም፣ ሁለቱም ሰንሰለት እኩል መወጠሩ ይታይ። ከሥሩም እንጨት እየተደረደረ ይከተል።